ከምናጠባ እናቶች ትሪ ላይ ስለተነሳው ዳቦ

ለተከበሩ የሠራተኞች ደኅንነትና አመጋገብ ክፍል ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው ከማይገለጠው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በእርግጥ ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ አይቼዎታለሁ፤ ፊትዎ ወዝቷል፣ ጉንጭዎ ሞልቷል፣ ኮትዎም ወገብዎ ላይ ጠበብ ብሏል፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ለወጉ ያህል ነው። እኔም በበኩሌ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ደብዳቤ የሚለጠፈው ሠራተኛው ሁሉ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ በመሆኑ በአደባባይ መዋሸቱ ከበደኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በዚህ በብርድ ልብስ ፋብሪካችን መቁረጫ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ፣ አሁን ደግሞ የአምስት ወር ሴት ልጅ የማጠባ ሠራተኛ ነኝ። የብረት ጓንት የምታጠልቀዋ ቢባሉ ያውቁኛል።

ከሦስት ቀን ሥልጠና በተመለሱ ማግስት አምስታችንን የምናጠባ እናቶች ማጥቢያ ክፍል ውስጥ ሰብስበው፣ የጥንት አባቶቻችን እህል የሚባል ነገር እንደማያውቁ፣ ስንዴና ሩዝ ለሰው ልጅ ሰውነት ባዕድ እንደሆኑ፣ እህል የተወች እናት ወተትም የጠራ እንደሚሆን ያስረዱን ዕለት ከልቤ ነበር ያዳመጥኩዎት። በማግስቱ ምሳ ላይ ከአምስታችን ትሪ ዳቦው፣ ሩዙና ማካሮኒው ተነስቶ በምትኩ አንድ ቅቅል እንቁላል፣ አንድ ካሮትና እፍኝ የማይሞላ ቅጠል ተቀመጠ። የምግብ ቤታችንን ኃላፊ እትዬን ምነው ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ የመጣ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያጠራቀምኳቸውን ጥቂት ጥርጣሬዎች በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጥንት አባቶቻችን። ለእነሱ ያለኝ አክብሮት የእርስዎን ያህል ባይሆንም ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አባቶች ሲያስረዱን ስለ ጥንት እናቶች አንድም ቃል አለመናገርዎ ትንሽ አጠራጥሮኛል፤ እስከማውቀው ድረስ ያጠቡት እነሱ ናቸውና። በግድግዳው ላይ ያስለጠፉት ሥዕልም እንዲሁ ጥያቄ ፈጥሮብኛል። በሥዕሉ ላይ ያለው ጦር የያዘ ሰውዬ ትከሻው ላይ አንድ ሙሉ እንስሳ ተሸክሟል፤ እኛ ትሪ ላይ የደረሰው ግን እንስሳው በሕይወት ሳለ ሲበላው የነበረው ቅጠል ብቻ ነው። ሥጋው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቀረ ቢጣራልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ፈቃደኝነታችን። ያስፈረሙን ቅጽ ከላይ በደማቁ «በሙሉ ፈቃዴ» ይላል። ፈቃዴ እኔ ሳልደርስ ቀድሞ ታትሞ መጠበቁ ድካም ያቀለለልኝ መሆኑን አልክድም። ከቅጹ ግርጌ ግን፣ ዓይን ለደከመው በማይታይ ደቃቅ ፊደል፣ ያልፈረመች እናት የማጥቢያ ሰዓቷ «እንደገና ይታያል» የሚል ነገር ሰፍሯል። የማጥቢያ ሰዓት ማለት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ወደ ምድር ቤት ወርጄ ልጄን የማቅፍበት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ እንደገና የሚያየው ማን እንደሆነ፣ ሲያየውም ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ስላልተጻፈ፣ እኔም ሌሎቹም በሙሉ ፈቃዳችን ተሽቀዳድመን ፈርመናል።

ሦስተኛ፦ ይህን ባላነሳው ይሻል ነበር፤ ግን ጨርቅ ቆራጭ ሰው ፊት ሳይሆን ልብስ ነው የሚያየው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ እህል ጉዳት ለሁለተኛ ጊዜ ሊያስረዱን በመጡ ጠዋት በኮትዎ ግራ እጅጌ ላይ፣ ከአዝራሩ ከፍ ብሎ፣ የዳቦ ፍርፋሪ አይቻለሁ። ክፉ ላለማሰብ ስል ከጥንት ጀምሮ እዚያው የኖረ ፍርፋሪ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር፤ ሆኖም በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከመጋረጃዎ ጀርባ የሚመጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ አላግዝ አለኝ። ደግነቱ፣ እርስዎ አያጠቡም።

አራተኛውን ጉዳይ እንደ ሌሎቹ በአጭሩ ልጨርሰው አልቻልኩም፤ የልጄ ጉዳይ ነውና።

አመጋገቡ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ጡቴን ይዛ ትለቅና ታለቅስ ጀመር። እኔም መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ዓይኔ ይጨልምብኝ ነበር። ቢሆንም እርስዎ ወተቱ እየጠራ ነው ስላሉን፣ የሚጠራ ነገር መጀመሪያ ላይ ያንሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወሩ ሲያልቅ ሕፃናቱ ተመዘኑ። ለእያንዳንዳቸው በፋብሪካችን የተሠራ አንድ አንድ ብርድ ልብስ ከሸለሙ በኋላ፣ ብርድ እንዳይመታቸው በማሰብ በአዲሱ ብርድ ልብሳቸው እንደተጠቀለሉ ሚዛን ላይ እንዲወጡ አደረጉ። ከወር በፊት ሁሉም ልብሳቸውን አውልቀው እንደተመዘኑ በጊዜው ትዝ ያለን አልነበረም፤ ብርድ ልብሱ ያምር ነበር። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ተለጠፈ፤ ልጄም ከስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ተነስታ አራት መቶ ሃምሳ ግራም መጨመሯን አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ሄጄ ሥዕሉ ላይ ያለውን ባለ ጦር ሰውዬ ሳይቀር በሆዴ አመሰገንኩት።

በዚያው እሑድ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ልጅቱን ገና ከማንሳታቸው፣ «ይቺ ልጅ ክንዴ ላይ አልከበደችኝም፤ አንቺ ምን እየበላሽ ነው?» አሉኝ። እኔም ስለ ጥንት አባቶች እርስዎ ያስተማሩኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም፤ ሰንጠረዡ ላይ ያነበብኩትን ጠቅሼ እስከ ማመናጨቅ ደርሼ ተከራከርኳቸው። ስድስት ልጆች ያሳደጉ ክንድ እያለ ወረቀት ያመንኩበትን ያን ቀን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

ሰኞ ጠዋት ግን ሰንጠረዡን ደግሜ አየሁት። የአራቱ ሕፃናት ዕድገት አራት መቶ አርባ፣ አራት መቶ ሃምሳ፣ አራት መቶ ሃምሳ፣ አራት መቶ ስልሳ ይላል። እኔ በሥራዬ አራት ነገር እንዲህ ተመሳስሎ የማየው ጨርቁን ደራርቤ በአንድ ጊዜ ስቆርጠው ነው። በአምስተኛው ሕፃን ስም አንጻር ደግሞ ቁጥር ሳይሆን በእርሳስ «ይጣራ» የሚል ቃል ተጽፏል። የሕፃኑን እናት፣ የካውያ ሠራተኛዋን፣ ሄጄ ጠየቅኳት። የእሷ ልጅ በተሸለመው ብርድ ልብስ ላይ ወዲያው ሸንቶበት ስለነበር ብርድ ልብሱ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እሱ ዕራቁቱን ነው የተመዘነው። ሠላሳ ግራም ብቻ ጨምሮ ቢገኝ ሚዛኑ ተበላሽቷል ተባለና «ይጣራ» ተባለ። ከአምስቱ እውነቱን የተናገረው አንድ ሕፃን ብቻ ሲሆን፣ እንዲጣራ የተወሰነውም እሱ ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ያን ብርድ ልብስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሕፃን ብርድ ልብስ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ተደራርቦ ይቆረጣል፤ ወደ ስፌት ከመሄዱ በፊትም ይመዘናል፤ ስለዚህ ጠርዙ ተሰፍቶ ሲያልቅ የአንዱ ክብደት አራት መቶ ሠላሳ ግራም እንደሚሆን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። በምሳ ሰዓት ከካውያ ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ልጄን መጀመሪያ ከነብርድ ልብሷ፣ ቀጥሎም ዕራቁቷን የጨርቁ ሚዛን ላይ አስቀመጥናት። ከዚያ ልብሷን አለበስኳት። የጨርቅ ሚዛን ይሳሳት ይሆናል ብዬ፣ ይሳሳት ዘንድም እየለመንኩ፣ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷም መዝና ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ሃያ ብላ ጻፈች። በወር ውስጥ ሃያ ግራም መሆኑን ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ልጄ በወር ውስጥ የጨመረችው ከአንድ የክር ጥቅልል ያነሰ ነው። አለቀስኩ፤ ይህንንም የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን ሰንጠረዡ ላይ ቦታ ስላልነበረው ነው።

ነርሷ ስለ አመጋገቡ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላቅርብልዎት። እህል መተው የፈለገች እናት ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ድንቹን፣ ባቄላውን፣ ለውዙን እስክትጠግብ ከበላች ልትተው ትችል ይሆናል፤ እሱንም ከባለሙያ ጋር ተማክራ ነው፤ አንድ እንቁላልና አንድ ካሮት በልታ ቀኑን ሙሉ የምትቆም እናት ግን የያዘችው የጥንት አመጋገብ ሳይሆን ረሃብ ነው አለችኝ። ልጄን በየሳምንቱ እያመጣሁ እንዳስመዝን፣ እኔም በቶሎ መብላት እንድጀምር አዘዘችኝ። ሴትየዋ ሥልጠና ስላልወሰደች እንደሆነ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ሆን ብለው አድርገውታል ለማለት አልደፍርም። እንደ ሰው የሚሳሳት ሰው አለ፤ ሕፃን በርዶት እንዳያለቅስ የሚያስብም አለ። ብቻ ሰንጠረዡ በተለጠፈ ዕለት ፎቶግራፍ ተነስቶ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መላኩን፣ ለእርስዎም የምስክር ወረቀት እየተዘጋጀ መሆኑን፣ በመጪው ወር ደግሞ አመጋገቡ በሌሎቹ ቅርንጫፎች ላሉ እናቶች ሊዳረስ መሆኑን ስሰማ፣ ሙቀቱ የታሰበው ለሕፃናቱ ነው ወይስ ለሰንጠረዡ የሚል ክፉ ሐሳብ ሽው ብሎብኛል። ክፋቱ የእኔ ነው።

ስለሆነም የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። በመጪው ሐሙስ ከምሳ በኋላ አምስቱም ሕፃናት በእናቶቻቸው ፊት ዕራቁታቸውን ይመዘኑልን፤ ክፍሉ እንዳይበርዳቸው ማሞቂያውን ከቢሮዎ ለአንድ ሰዓት ቢያውሱን በቂ ነው። ቁጥሩም፣ ያም ሆነ ይህ፣ ፎቶግራፉ ወደ ተላከበት ይላክ። እኔ በበኩሌ ከትናንት ጀምሮ ዳቦና ሩዝ ከቤቴ እያመጣሁ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሁሉም እያየኝ እየበላሁ ነው። በዚህ ምክንያት የማጥቢያ ሰዓቴ እንደገና መታየት ካለበት በጽሑፍ ያድርሱኝ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጎን እለጥፈዋለሁ፤ ልጄን ግን በሰዓቷ ወርጄ አጠባታለሁ።

ለሙቀቱ እንጂ ለክብደቱ ባልሆነ የልጄ ምስጋና፣ ወተታቸው እስከ መጥፋት በጠራ የአራት ባልደረቦቼ ሰላምታ፣ እንዲሁም ኮትዎ ማስፋት ቢያስፈልገው ያለ ወረፋ ልሠራልዎ በገባሁት ቃል ታጅቤ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
የብረት ጓንት የምታጠልቀዋ ጨርቅ ቆራጭ

ሳልጠቅሰው እንዳልቀር፦ ለልጄ የሸለሙትን ብርድ ልብስ አጥቤና አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ሃያ ግራሙን ልጄ አስቀርታዋለች፤ የቀረው ዕድገቷ በሙሉ ውስጡ አለና የምስክር ወረቀትዎን ሲቀበሉ ደርበው ይልበሱት።