ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬህ ነው። ትናንት ግን ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለዚህ ዛሬ ለአንተም ልንገርህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ነን። ሊፍት ይገባል ተብሎ የሕንጻው ሰው ለስብሰባ ተቀመጠ፤ እንደ ልማዱ ተጨቃጭቆ ተበተነ። ሰፈራችን ክፋር ግቢሮልም አልተለወጠም። እማዬ ከስታለች። ክራንችህን ለማንም አልሰጥም ብላ ከቁም ሳጥኑ ጎን አቁማዋለች፤ ስትጠርግ ታነሳውና መልሳ እዚያው ታቆመዋለች። የሻዓራይም ሰፈሩ የመናዊ ወዳጅህ በየበዓሉ ይመጣል። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ የእሷ ዕብራይስጥ ከገበያ አያልፍ፤ አንተን ሲያነሱ ግን እንዴት እንደሚግባቡ እንጃ።

ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለህ። እግርህ ከተሰበረ ወዲህ በየፎቁ ቆም እያልክ በሮቹ ላይ የተጻፈውን የጎረቤት ስም የምታነብ ትመስል ነበር። ዕብራይስጥ ማንበብ እንደማትችል የማላውቅ ይመስል! እኔም አብሬህ ቆሜ አነብ ነበር።

ጎንደር ሳለህ ወጌሻ ነበርክ። ሰው ከሁለት ቀን መንገድ በቃሬዛ ይመጣልህ ነበር ትላለች እማዬ። በሽተኛውን የት ላይ አመመህ ብለህ አትጠይቅም፤ በጣትህ እየዳሰስክ ፊቱን ነው የምታየው። ሰው ስለ ሕመሙ ይዋሻል፣ ፊቱ ግን አያውቅበትም ትል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለህም ትተርትባቸዋለህ። ለሰው ሲሆን ታውቅበት ነበር፣ አባዬ።

የማዘጋጃ ቤቱን ዛፍ ስትከረክም ከመሰላል ወድቀህ ቅልጥምህ ሲሰበርና አጥንቱ አልገጥም ሲል፣ ሐኪሞቹ ጥናት ውስጥ ግባ አሉህ። ስብራት የሚጠግን አዲስ መድኃኒት ነው። ግማሹ በሽተኛ በቀዶ ሕክምና ጊዜ አዲሱ ይደረግለታል፣ ግማሹ የተለመደውን ሕክምና ያገኛል፤ ማን የትኛው እንደደረሰው ግን የምትከታተልህ ሐኪም እንኳ አታውቅም። ዕጣ ነዋ ብለህ ሳቅህ። የሙያህ ነገር ስለሆነ ያችን ወጣት ሐኪም እንደ ባልንጀራ ነበር የምታያት። እሷም አንተ ስትገባ ከወንበሯ ትነሳ ነበር።

በየወሩ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ ከዜሮ እስከ አስር ሕመምዎ ስንት ነው? መጀመሪያ ቀን እግዚአብሔር ይመስገን አልክ። ተረጎምኩላት። ቤሰደር፣ እሺ፣ ግን ቁጥሩን ንገሩኝ አለች። ምስጋና ቁጥር የለውም ብለህ ተቆጣህ፤ ቆይተህ፣ በይ ሁለት በያት አልከኝ። ስንወጣ ለምን ሁለት ብዬ ብጠይቅህ፣ ዜሮ ብል ውሸት ነው፣ ሦስት ብል ስሞታ ነው አልክ። ልጅቷ ደክማለች፣ ለደከመልህ ሰው አልዳንኩም ይባላል ወይ አልከኝ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ሁለት ሆነ። ግንባርህ ላይ ላብ ችፍ ብሎም ሁለት። እኔም አፌ ለመደው።

በመጨረሻው ወር ጥያቄው በስልክ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ካልሲህን ያጠለቅሁልህ እኔ ነኝ። እግርህ አብጦ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ጥርስህን ነክሰህ ወደ ግድግዳው ዞርክ። ፊትህን አይቻለሁ፣ አባዬ። ነገ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን ብዬ ለራሴ ነግሬ ወደ ሥራዬ፣ ቢሉ ሴንተር ወደሚባለው የገበያ ማዕከል ሄድኩ። ስልኩ ሲመጣ ሒሳብ መቀበያው ላይ ነበርኩ፤ ሰልፉ ረዝሟል፣ አለቃዬ ያየኛል። ሐኪሟ፣ አባትሽ አጠገብሽ ከሌሉ ቤት ልደውል አለችኝ። አያስፈልግም፣ ያው ሁለት ነው አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን አንተ ሁለት አላልክም። ነገም ነገን ወለደ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣለህ። ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ አመርቅዞ ደምህ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሳምንት አልቆየህም።

በልቅሶው ላይ የሁሉም ቃል አንድ ነበር፦ ሞከሩበት፣ በሙከራ ገደሉት፣ መሞከሪያቸው እኛ ነን። ሐኪሟ ልታስተዛዝን መጥታ ደጃፍ ላይ ስትቆም እማዬ እንዳትገባብኝ አለች፤ በሰው ፊት ረገመቻት። ልጅቷ አማርኛ ባታውቅም ገባት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ጥናቱ አልቆ፣ የትኛው ዕጣ እንደደረሰህ ሊነግሩን ጠሩን። እማዬ አልሄድም ስላለች ብቻዬን ሄድኩ። አባዬ፣ አዲሱ መድኃኒት እግርህን ነክቶት አያውቅም። የደረሰህ የተለመደው ሕክምና ነው። ይህን ስሰማ መሸሸጊያዬ አለቀ፤ የካልሲውን ነገር ለሐኪሟ ነገርኳት። ዶሴህን አገላበጠች። ዘጠኝ ብልሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር አልኳት። አጥብቄ ስይዛት፣ በዚያው ቀን አስመጣቸው ነበር አለች። ይድን ነበር ወይ ስላት፣ አላውቅም አለች። የተጻፈ ቁጥር አይፋቅም፣ ከጎኑ ግን ማስታወሻ ይጨመራል ስትለኝ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ።

ትናንት ከሥራ ስገባ እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳት። እጇ ቆመ። ታውቂ ነበር? አለችኝ። አዎ አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ምስሩን እስከ መጨረሻው ለቀመች። ከዚያ፣ የሰው ልጅ በከንቱ ረግሜያለሁ፣ እሑድ ወስደሽ ከእግሯ ጣይኝ አለች። ከትናንት ጀምሮ ምግቤን የምታቀርብልኝ ፊቷን አዙራ ነው። አልፈርድባትም።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ሳልጨርሰው ይቅር ትለኛለህና፣ እሱ ይብስብኛል። ጎረቤቱ ሲያነሳህ እንዴት ያለ ታጋሽ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ሳይል ሄደ ይላል። የልጅ ልጆችህም ይህንኑ ሰምተው ያድጋሉ። እኔ ግን እስክሞት እንደዚያ አላስታውስህም።

አሞህ ነበር፣ አባዬ። በጣም አሞህ ነበር።

ልጅህ አስቴር