ሐጂ ያልቀመሱት ብርዝ

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እስከዛሬ ሳልጽፍልህ የከረምኩት የምነግርህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምናዘዝልህ ነገር ስላለኝ ነው። እሱን ደብቄ ሌላ ሌላውን ማውራት አስጠላኝ።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ። ውሃ አሁንም በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው፤ ጄሪካኖቹ እንደተሰለፉ ናቸው። ልጃችን ሄለን በየሁለት ሳምንቱ ከድሬዳዋ ትመጣለች፤ ስትገባ መጀመሪያ ያንተን ወንበር ታያለች፣ ቀጥላ እኔን። ሸሚዞችህን ሰጥቻለሁ። ክርኑ ያለቀውን ሹራብህን ግን አስቀረሁት። ማን ይወስደዋል ብዬ ነው ብልህ አታምነኝም።

ፍሪዘርህም ያው በረንዳው ላይ ነው።

በጋሪ አስጭነህ ያመጣኸው ቀን ምን እንዳልኩህ አትረሳውም። ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፣ የኔው የፊዚክስ መምህር የሬሳ ሣጥን የሚያህል አሮጌ ፍሪዘር ተሸክሞ መጣ አልኩ። ያችን ቃል ዛሬ መልሼ መዋጥ ብችል! ቤቴን ድራፍት ቤት ልታደርገው ነው ወይ ብዬ ስጮህ፣ አንተ እንደ ተማሪ አስቀምጠህ በወረቀት እየሳልክ አስረዳኸኝ። ጎኑን መብሳት አይቻልም፤ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ የሚሄድበት ቀጭን ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ይዞራል፣ እሱ ከተነካ ፍሪዘሩ አለቀለት። ስለዚህ ክዳኑን ፈታህና ከሥሩ የጣውላ ክፈፍ አስገባህ፤ ሁለቱን ቧንቧዎች የተከልከው እሱ ላይ ነው። አንዱ ላንተ ድራፍት፣ ሌላው ለጎረቤታችን ለሐጂ ዩሱፍ ብርዝ።

ሐጂ ፈረስ መጋላ ካለው የቧንቧ ዕቃ ሱቃቸው ሲመለሱ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያ በረንዳ ላይ ስንት ዓመት አብራችሁ ተቀመጣችሁ? አንተ ቢራህን፣ እሳቸው ለስላሳቸውን። ጎረቤቴን ዕድሜ ልኬን በጠርሙስ ለስላሳ አልሸኝም፣ ከኔ እኩል ቀዝቃዛ ከቧንቧ ይቀዳላቸዋል አልክ። የመጀመሪያው ቀን ብርዙ በረዶ ሆኖ አደረ፤ እስኪያመኝ ሳቅኩብህ። አንተ ግን ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠር ዕቃ ገዝተህ፣ ቴርሞሜትር አንጠልጥለህ፣ ሳምንት ሙሉ በደብተርህ ስትጽፍ ሰነበትክ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ቧንቧዎቹ ያንጠባጥቡ እንደሆነ ልታይ ፈለግህ፤ በእጅህ የነበረው አንድ በርሜል ድራፍት ብቻ ነበር። ወደ ቧንቧዎቹ በሚወስዱት በሁለቱም ጎማዎች ድራፍቱን አሳለፍክ። ኋላ በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብከው። ላንተ የታጠበ ጎማ ንጹሕ ነው፤ ሌላው ነገር በሐሳብህም አልመጣም። በኔ ሐሳብ ግን መጥቷል። ላንተ መናገር ሲገባኝ፣ ሰኞ ከሐጂ ሚስት ከፋጡማ ጋር ገበያ ስንወርድ፣ መምህሩ የባልሽን ቧንቧ በቢራ መረቀው ብዬ እየሳቅኩ አወራኋት። ፋጡማም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ለሐጂ ነገረቻቸው፤ መንገሯም ተገቢ ነው።

በማግስቱ ብርጭቋቸውን ሞልተህ ስትሰጣቸው ሐጂ ጨጓራዬን አሞኛል አሉ። በሳምንቱም ጨጓራዬን አሉ። አንተ ማሩን ቀየርክ፣ ውሃውን አፈላህ፣ መጠጡን የሚገፋውን ጋዝ ቀነስክ። ሐጂ ደግሞ እያደር መምጣቱን አሳነሱት። አንድ ቀን ብርጭቋቸውን እያጠብክ፣ ሐጂ ተቀይመውኛል፣ ግን ምን አጥፍቼ ይሆን አልከኝ። እኔ አፌ የማያርፈው፣ ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ሐሙስ ጠዋት ጫማህን ልታስር ጎንበስ እንዳልክ ቀረህ።

ጓደኛህ የጠላህ መስሎህ ሄድክ። የደበቅኩህ ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ለሙት ዓመትህ ድንኳኑ የት ይተከል ሊሉኝ መጡ። መቀመጫ ሳልሰጣቸው ሁሉንም ዘረገፍኩት። እህቴ፣ እኔኮ መምህር ለምን እንደማልጠጣ ያወቀ መስሎኝ ነው አሉ። ነገሩ ገብቶት አፍሮ ያላነሳው መስሎኝ፣ ደግሜ እንዳላሳፍረው ብዬ ነው ጨጓራዬን ያልኩት። ያ ረቢ አሉና ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። ግርማዬ፣ አንተ እንዳታስቀይማቸው፣ እሳቸው እንዳያሳፍሩህ፣ እኔ እንዳልወቀስ፤ ይሉኝታ ሦስታችንንም ተጫወተብን።

በማግስቱ ከሱቃቸው አዲስ ጎማና አዲስ ቧንቧ ይዘው መጡ። ያንን የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው ራሳቸው ፈቱ፣ ራሳቸው ገጠሙ፤ እኔ መፍቻ አቀብላለሁ። የድራፍቱን ቧንቧ ልንቀለው ስል ከለከሉኝ፤ የመምህር ነው፣ ባለበት ይኑር አሉ። ብርዙን ከደብተርህ እያየሁ በጠበጥኩ። አንድ ቀን ሙሉ ቀዘቀዘ።

ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ አንተ ለይተህ ባስቀመጥክላቸው ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ቢስሚላህ ብለው እስከ ግማሽ ጠጡ። ማሩ በዝቷል አሉ። ከዚያ ጨረሱትና ድገሚኝ አሉ።

ስትጠብቀው የነበረው ቃል ይኸው ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን አድርሼልሃለሁ። ለሙት ዓመትህ የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ቧንቧ ይቀዳለታል፤ ማሩን ቀንሻለሁ። እስክንገናኝ ስምህን ባነሳሁ ቁጥር ይህንን አብሬ አነሳለሁ፤ ሐጂ አንድም ቀን አልተቀየሙህም። ያኔ በአንድ ቃል ልነግርህ እችል ነበር።

አፈኛዋ አልማዝህ