በአንድ ገላ ሁለት ሕመም

ሚያዝያ 3

ዛሬ ሠላሳ ግራ እጅጌ ቆረጥኩ። ሠላሳ! ቀኝ የሚባል አንድም የለም። ጨርቁን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ደራረብኩ፣ ንድፉን ለቀኙ መገልበጥ ረሳሁ፣ በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ስቆርጥ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እጅጌዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ዐየና "መቀስ፣ ምን ነካሽ?" አለኝ። መቀስ የሚሉኝ ለሙያዬ ብቻ አይደለም፣ ለምላሴም ጭምር ነው።

ምን ልበለው? ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ ሰው ሲወቅጠኝ ያደረ ይመስለኛል። እተኛለሁ፣ ስነሳ ያልተኛሁ ነኝ። ትከሻዬን ሸሚዜ ሲነካው እንኳ ያመኛል... ካውያ የምትተኩሰው ጓደኛዬ "ሁለት ግራ እጅ ያላቸው ደንበኞች እንፈልግ እንግዲህ" አለች። ሳቅኩ። መሳቅም አመመኝ።

ሚያዝያ 5

ጋሼ አስጠራኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ይዟል፣ ሁለት መቶ አርባ ልጅ፣ በሰኔ የሚቆረጥ። "አዲስ ቆራጭ አግኝቻለሁ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትተክያለሽ። አይከብድሽም።"

ቁልፍ! እኔ!

"የሰኔውን እኔ ልቁረጠው። አንድ ቢበላሽ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን በገዛ እጄ አስረክብሃለሁ" አልኩት። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። "እሺ። አንድ ብቻ ቢበላሽ።"

አፌን ማን ክፈቺ አለኝ?

ሚያዝያ 9

ሐኪም ቤት። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የአንጎልና የጀርባ ነርቭ በሽታ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ አለብሽ ከተባልኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ስድስቱንም ዓመት ያከመኝ ይኼው የነርቭ ሐኪም ነው። ደግ ሰው። ግን ምን ብነግረው መልሱ አንድ ነው። ትከሻዬን? "ከበሽታሽ ነው።" ድካሙ? "ከበሽታሽ ነው።" ጥርሴን አመመኝ ብለውም ያንኑ ሳይለኝ አይቀርም።

ዛሬ ግን ጨመረበት። "በሽታው እየገፋ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ ተነሺ። ምናልባት ወደ ጠንካራው መድኃኒት እንሻገራለን።"

እየገፋ... አውቶብስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ይህችን ቃል ሳመነዥክ መውረጃዬን አለፍኩ። መጀመሪያ ከዘራ፣ ከዚያ ዊልቸር? ጠረጴዛው ፊት መቆም ካልቻልኩ ምን ቀረኝ?

ለእታለም ነገርኳት። ታላቅ እህቴ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። "ጭንቀት ነው! ድሮም ነገር ታበዢያለሽ!" ስትፈራ እንዲህ ናት።

ሚያዝያ 17

አመመኝ። የት አትበሉኝ።

ሚያዝያ 22

ዛሬ ገላዬን ስታጠብ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። ትከሻዬ ቀለል አለኝ፣ እፎይ አልኩ። ግራ እግሬ ግን በዚያው ውሃ የባሰ ደነዘዘ!

ግራ እግሬን አውቀዋለሁ። እሱ የድሮው በሽታ ነው፣ ሙቀት አይወድም። ታዲያ ያው አንድ በሽታ እንዴት ሙቀት ይወዳል፣ መልሶ ይጠላል? ይኼ ሌላ ነው። ጠባዩ ሌላ ነው!

ፎጣውን እንደለበስኩ ወጣሁና የንድፍ ወረቀት ዘረጋሁ። እታለም ልኬን ወሰደችልኝ። የገዛ ገላዬን ቅርፅ፣ ፊትና ጀርባ፣ ልክ እንደ ደንበኛ ከወረቀቱ ቆረጥኩት። የደነዘዘኝን በሰማያዊ ጠመኔ፣ ያመመኝን በቀይ። በየቀኑ ልቀባ ነው።

"ሰው ኮት ይቆርጣል፣ አንቺ ራስሽን!" አለች እታለም። ግን ጠመኔውን የምታቀብለኝ እሷ ናት።

ግንቦት 8

የኤምአርአይ ውጤት ወጣ። አንጎሌ ላይ አዲስ ጠባሳ የለም። አንድም!

"ደስ ይበልሽ፣ አልገፋም" አለኝ ዶክተሩ።

"ታዲያ ለምን ያመኛል?"

"ከበ—"

"እንዳይጨርሱት፣ ዶክተር!"

ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። የወረቀት ጥቅሌን ፈትቼ መመርመሪያ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀዩ ግራና ቀኝ እኩል ነው፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጉልበት። ሰማያዊው ግራ እግሬና የጣቶቼ ጫፍ ላይ ብቻ። የሙቅ ውሃውንም ነገርኩት።

"ይኼን ማን ሠራልሽ?"

"ቆራጭ አይደለሁ?"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ይቅርታ አድርጊልኝ። ያለሽን ሁሉ ለአንዱ በሽታ እየሰጠሁት ነበር" አለኝ። ዶክተር ይቅርታ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው ፊቴ ስልኩን አንስቶ ለአንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም ደወለ።

ግንቦት 14

የመገጣጠሚያ ሐኪሟ ታናሼ ትሆናለች። ብዙ ጠየቀችኝ፣ የደም ምርመራዬን አገላበጠች፣ ከዚያ በጣቷ እዚህም እዚያም ጫን ጫን። ጮህኩ። "ፋይብሮማያልጂያ ነው" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፣ ምላሴ እስኪፈታልኝ።

"ኤምኤስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ተደርቦ መምጣቱ ብርቅ አይደለም። ሁለቱም ስለሚያደክሙ ይምታታል" አለችኝ። "አንቺ የፈጠርሽው አይደለም። ነርቮችሽ የሕመሙን ድምፅ ከፍ አድርገውታል፣ እንደ ሬዲዮ።"

"ይጠፋል?"

"አልዋሽሽም። ይገራል እንጂ።"

ከመኝታ በፊት አንድ ክኒን። በየቀኑ አሥር ደቂቃ መራመድ፣ ቀስ እያሉ መጨመር። ሳይደክሙ ማረፍ። ወደ ጠንካራው መድኃኒት የሚያሻግር ነገር የለም።

ሁለተኛ በሽታ አለብሽ ተብሎ ጮቤ የሚረግጥ ሰው ታይቶ ይታወቃል? ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው ዐዩኝ። ይዩኝ! እብድ አይደለሁም፣ ነገር አላበዛሁም፣ የድሮውም አልገፋም!

ለእታለም ነገርኳት። "ጭንቀት ነው ብዬሽ ነበር..." ብላ ዐይኗን መሬት ተከለች። ሳምኳት።

ግንቦት 29

አሥር ደቂቃ ሲሉኝ ሠላሳ ሄድኩ። ጀግና ነኛ! ሁለት ቀን ተጋድሜ ከፈልኩት። አሁን እታለም ሰዓት ይዛ በር ላይ ትቆማለች። "አሥር አለችሽ፣ አሥራ አንድ አላለችሽም!" ፖሊስ።

ሰኔ 12

እንቅልፍ! ተኝቼ ተነሳሁ፣ የተኛሁ ሆኜ! ረስቼው ነበር እኮ።

ጋሼን አናገርኩት። ሁለቱንም ሕመም በየስሙ ነገርኩት። "አርባ ደቂቃ እቆርጣለሁ፣ አሥር ደቂቃ ጠረጴዛው ሥር እጋደማለሁ።"

"ጠረጴዛ ሥር? ደንበኛ ቢያይስ?"

"በሕይወት አለች በለው።"

እስኪያስለው ሳቀ። እሺ አለ።

ሰኔ 25

የዩኒፎርሙ ቆረጣ አምስት ቀን ፈጀ። ሦስተኛው ቀን ቀይ ነበር፣ ከአንገት እስከ ጉልበት። የዛሬ ሁለት ወር ቢሆን "ገፋብኝ" ብዬ እዚያው እወድቅ ነበር። አሁን ግን ማን እንደመጣ አወቅኩ። ተጋደምኩ፣ ተነሳሁ፣ ቆረጥኩ። ተጋደምኩ፣ ተነሳሁ፣ ቆረጥኩ።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ጥቅል ታሰረ። አዲሱ ቆራጭ መጥቶ ነበር፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። ጋሼ ጥቅሎቹን እየፈታ አገላበጠ። ሁለት መቶ አርባ። እኔ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ አብሬው እቆጥራለሁ።

አንድ የተበላሸ የለም።

ጋሼ ወደ ልጁ ዞረ። "ለአንተ ሌላ ጠረጴዛ አሠራለሁ። ይኼኛውማ ባለቤት አለችው።"

ካውያ የምትተኩሰዋ ጮኸች። ሴቶቹ ሁሉ ማሽናቸውን አቁመው አጨበጨቡ። እኔ፣ መቀሷ፣ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ እታለም ምንም አልጠየቀችኝም። ፊቴን ዐየችና "ቆረጥሽው!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። "ቀስ፣ ትከሻዬን!" እያልኩ እኔም ጥብቅ አድርጌ አቀፍኳት።