በግራ እጄ የሳልኩት

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

መብራት ጠፍቶ ዋለ። ካውያ የለም፣ ማራገቢያ የለም። እዚህ ሰው ሀገር፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ያለውን የስፌት ሱቄን በሩን በርግጄ በእጄ ስሰፋ ዋልኩ… የማይሙናን ድሪያ የሚሉትን ስስ ቀሚስ፣ ያንን ብርቱካናማ። ደንበኛዬ ማይሙና ራሷ በሩ ላይ ቆማ "መነን፣ እኔ ስሱን ለብሼ እየቀለጥኩ ነው፤ አንቺ ይሄን ጥቁር እንዴት ቻልሽው?" አለችኝ። ለመድኩት አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ጀርባዬ በሽፍታ ተሞልቷል።

ከሰዓት ሔርሜላ መጣች። ልጄ ናት፣ አመጣጧ ግን እንደ ዳኛ ነው። ሰርጓ ጥር 18 ነው። "እማዬ፣ በጥቁር ከመጣሽ ሰርጉን እሰርዘዋለሁ።" ትቀልዳለች ብዬ ቀና ስል… አትቀልድም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አባቷ ሩፋኤል ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ሰው ጥቁሩን በዓመቱ ያወልቃል። እኔንም ሊያስወልቁኝ ዘመዶች ሁለቴ ልብስ ይዘው መጥተው ነበር፤ ምሳ አብልቼ ሸኘኋቸው። "ባሏን እንዴት ብትወደው ነው!" ይላሉ።  ላውልቀው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ለምን? እንጃ። ለልጄ ሰርግ እንኳ?

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ትግስት አሳሳተችኝ። ጓደኛዬ ናት፤ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምትኖረው፣ ዓርብ ዓርብ እረፍት አላት። "ሥዕል እንሥላለን፣ ሻይ አለ፣ ማራገቢያ አለ" አለችኝ። ማራገቢያውን ብዬ ሄድኩ።

ጥቂት ሴቶች ነን፤ ሥዕል የምታሠራን ናዒማ ትባላለች። እናቷ የድሬ ሰው ስለሆነች አማርኛዋ እንደኛው ነው። ፈረንሳይ ሀገር የተማረችው ግን ሰውን በሥዕል ማከም ነው። እንዲህ ያለ ትምህርትም አለ! "እና የኔ የሚታከመው ምኔ ነው?" አልኳት። "እኔ ምን አውቃለሁ" ብላ ሳቀች። ወደድኳት።

ወረቀቱን መጀመሪያ በሜትር ለካሁት። ልማድ ነዋ! ጠርዙን አሰመርኩ፣ መሃሉ ላይ ጥልፍ የመሰለ አበባ… ጥንቅቅ ያለ። ትግስት "ይሄማ ይሸጣል" አለች። ናዒማ ግን አየት አደረገችና፣

"ቅጠሎቹም ጥቁር ናቸው?"

"አዎ።"

"አረንጓዴው እዚህ አለልሽ።"

"አልፈልገውም!"

ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ናዒማ "እሺ" አለች፣ በቃ። ምን ነካኝ? በቀለም የሚቆጣ ሰው አለ?

ኅዳር 9

አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ የመጣች ደንበኛ መለስኩ። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ። አልበዛብኝም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

"ዛሬ በግራ እጅ ነው" አለች ናዒማ። "መነን፣ ቀኝ እጅሽ በጣም ጎበዝ ነው። ሌላው ደግሞ ምን እንደሚል እንስማው።"

በግራዬ? መርፌ እንኳ ይዤበት አላውቅም! ሁሉም እንደ ሕፃን ይሞነጫጭራል፣ ሳቅ በሳቅ። እኔም ክብ ሠራሁ። ክቡ ውስጥ እንጨት የመሰሉ ሰዎች፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ… ጭፈራ ነው። ድሬዳዋ፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ። እጄ ሳላስበው አረንጓዴው ውስጥ ገባ። መሃል ያለችው እኔ ነኛ! ያንን አረንጓዴ ጨርቅ ሩፋኤል ነበር መርጦ የገዛልኝ። "ሂጂ፣ ጨፍሪ፣ እኔ ደህና ነኝ" ብሎ የላከኝ። እየጨፈርኩ ስልክ ተደወለ፣ አርፏል ተባልኩ…

ከወራት በፊት እንደማይድን ተነግሮት ነበር። ይህንን የሰማሁት ሐኪሙ ለቅሶ ሲደርስ ነው። እያወቀ ሸኘኝ።

ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሬ ወረቀቱን ደበደብኩት። ተቀደደ። ናዒማ ሌላ ወረቀት አቀረበችልኝ። ያንንም ቀደድኩት።

"እጅሽ ምን እያለ ነው?"

"ለምን ላክኸኝ ነው የሚለው! እጅህን ይዤ መቀመጥ ሲገባኝ ለምን አስጨፈርከኝ?"

ከዚያ አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥቼ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐዘን ነው ስል ለካ ንዴትም ኖሮበታል! በሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ስለመሰለኝ ንዴቴንም ጥቁር አልብሼው ኖርኩ።

ሲበቃኝ ናዒማ "አሁንስ?" አለችኝ። "ራበኝ" አልኳት። እውነቴን ነው። ከትግስት ጋር መሃል ከተማው ምኒልክ አደባባይ ድረስ ሄደን የምስር ሳምቡሳ በላን። እጃችን ቀለም በቀለም። አስተናጋጁ ቀለም ቀቢዎች መሰልነው።

ኅዳር 14

ሔርሜላ የሰርግ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። እኔ ነኝ የምሰፋላት፣ ሌላ ማን ይሰፋል? ደስ ይላታል ብዬ ሁሉን ነገርኳት። አባትሽ ላይ ተናድጄ ነው ለካ፣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው…

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በቀስታ፣ "እማዬ፣ እንደማይድን እኔም አውቅ ነበር።"

አባቷ እንዳትነግረኝ አስምሏት ነበር። "እናትሽ ይህችን ሰርግ ሳትጨነቅ ትጨፍር" ብሎ። ሞቱ ያን ያህል ይፈጥናል ብሎም አላሰበም አለችኝ። ያኔ ተማሪ ነበረች። "ያንን ጥቁር ባየሁት ቁጥር እኔን የምትከሺኝ ይመስለኛል" አለች።

ጮህኩ። ካርቲየ 5 በሙሉ ሰምቶኛል። ውጪልኝ አልኳት። ግማሽ የተሰፋውን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ስፒሉ እንደተሰካ፣ በሩን ደርግማብኝ ሄደች።

ኅዳር 17

አልደወለችም። አልደወልኩም። ቀሚሱ እሷ ጋ ነው፣ ስፒሎቼም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሥዕሉ ቤት ስገባ ሔርሜላ ተቀምጣለች! ትግስት ናት የጠራቻት፣ አፏ መች ያርፍና። ናዒማ ሁለታችንንም ፈቃዳችንን ጠየቀችና አንድ ትልቅ ወረቀት ሰጠችን። "አብራችሁ ሳሉ። ማውራት ግን የለም።"

እኔ ቶሎ ብዬ መሃሉን በወፍራም መስመር ከፈልኩት። ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የኔ። እሷ በበኩሏ የአባቷን አልጋ ሳለች። አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ትንሽ ልጅ፣ በሁለት እጇ አፏን የያዘች።

አየኋት። ያን ሁሉ ወር ምስጢሩን ብቻዋን ይዛው ነበር ማለት ነው። ማን አጽናናት? እኔ እንደሁ ምንም አላውቅ። 

መስመሬን ተሻግሬ ከልጅቷ ጎን ሌላ ወንበር ሳልኩ። ሔርሜላ ቀለም ነከረችና ወንበሩ ላይ እኔን አስቀመጠችኝ። አፍንጫዬን ግን ምን አሳከለችው!

"እንዲህ ነው አፍንጫዬ?" አልኩ፣ ማውራት መከልከሉን ረስቼ።

"አዎ።"

ሳቅን። ከሳቁ ውስጥ ልቅሶው መጣ። ስንወጣ ሚኒባሱ ድረስ እየተጨቃጨቅን ሄድን። "መንገር ነበረብሽ!" "ምዬ ነበራ!" ሦስት ዓመት ከማይመልስልኝ ሰው ጋር ስጣላ ኖሬ ዛሬ ከሚመልስልኝ ጋር ተጣላሁ። ደስ ሲል!

ታኅሣሥ 3

ጥቁሩን አወለቅሁ። ጠዋት፣ ብቻዬን፣ ዘመድ ሳልጠራ። ከዚያ ምን ልልበስ? ለሀገሩ ሁሉ የምሰፋ ሴት፣ ለራሴ አንድ ደህና ቀሚስ የለኝም! ከሻንጣ ሥር የድሮ ሰማያዊ አወጣሁ። ጠበበኝ። ጎኑን ፈትቼ አሰፋሁት።

ጎረቤቴ አይታኝ "ምነው፣ ረሳሽው እንዴ?" አለችኝ። ትንሽ ወጋኝ። "አልረሳሁትም፣ ተጣልቼው ነው" አልኳት። አፏን እንደከፈተች ትቻት ሄድኩ።

ጥር 19

ትናንት ልጄን ዳርኩ። እግሬ አብጧል፣ ድምፄም የለም። ነጭ ቀሚስ ለበስኩ፣ ጥለቱን ራሴ የመረጥኩት። ዘፈኑ ሲጀመር ግን ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። አልችልም፣ በቃ፣ አልችልም… ሔርሜላ ቬሏን ሰብስባ መጣችና እጄን ያዘች።  ገባሁ። እያለቀስኩ ጨፈርኩ፣ ሰው ላብ መስሎታል።

ሩፋኤል፣ አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ልጅህ ግን ምን የመሰለች ሙሽራ ሆነች መሰለህ! ቁጭ በል፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ…