ገጽ ሰባትን እንዳትነኪው

እህት ዓለም፣

ስትመጪ የበረንዳውን በር እንዳትከፍቺ። ልጅሽንም ወደ አበቦቹ እንዳታስጠጊያት።

ለንብ መጽሐፋችን እያየሽ የምትስያቸውን አበቦች ተባይ ጨረሳቸው ብለሽ ሳምንቱን ሙሉ ስትነጫነጪ መረረኝና ከትናንት ወዲያ መድኃኒት ረጨሁባቸው። ርጪ አላልሽኝም። መቼም አንቺ መነጫነጭ እንጂ ደፍሮ መጠየቅ አይሆንልሽም። "የአበባ ብናኝ" የሚለው ቃል ለሕፃናት ይከብዳል ብዬ ግማሽ ቀን የተሟገትኩሽ እኔ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያነበብኩት ገና ዛሬ ነው። "ያበበ ተክል ላይ አይረጭ" ይላል።

ትናንት በረንዳው ላይ አሥራ አንድ የሞቱ ንቦች ጠርጌ ጣልኩ።
አልነገርኩሽም።

የቀሩት ተርፈው ወደ ቤታቸው በረሩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጅል ነኝ። ዛሬ ከአጥሩ ማዶ፣ "ጋሼ ቀፎ" ከምንላቸው ንብ አናቢ ጎረቤታችን ግቢ፣ ያ የለመድነው የንብ ድምፅ የለም። ሽማግሌው ጆሯቸው ደክሟልና ዝምታውን አልሰሙትም። ከሰዓት ማር እቆርጣለሁ ብለው የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበዋል። ልጆቹ ማንኪያ ይዘው ሲሯሯጡ በመስኮት ይታዩኛል።

ሳይቆርጡ ልድረስባቸው ብዬ ወጣሁ። በምን ዓይኔ እንደማያቸው እንጃ። ምሳ ላይ አትጠብቂኝ።

ገጽ ሰባትን እንዳትነኪው። ሥዕልሽ ግሩም ነው፤ ይህንንም በጊዜው አልነገርኩሽም። እኔ የጻፍኩትም ለካ እውነት ኖሯል፦

"ትንሿ ንብ ከአበባ ያገኘችውን ሁሉ ለቤተሰቧ ሳታደርስ አታድርም።"