በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ የተዘለለው ጥያቄ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉሮሮህስ ተሻለህ ወይ? ባለፈው በቴሌቪዥን ስትናገር ድምፅህ ሻከር ብሎብኝ፣ ይሄ ልጅ ሙቅ ውኃ እንኳ የሚያቀርብለት ሰው የለውም እንዴ ብዬ አዘንኩ። ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ካውያዬ ይግላል፣ ወገቤ ያመኛል፣ የሰው ልብስ መተኮሱ ግን አይቆምም። እንደ ደብዳቤ ወግ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። አልችልም። እማዬ ደህና አይደለችም።

በደብዳቤ የመጣሁብህ ወድጄ አይደለም። ስልክህን የሚያነሳው ያ ጸሐፊህ በደወልኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማን ልበል?» ይለኛል። ትናንት «እሱን አዝዬ ያሳደግኩት ነኝ በልልኝ» ብለው፣ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ንዴቴ ላይ ሳቄ መጣ። ስለዚህ ይህን ከሸሚዞችህ ጋር ለሾፌርህ ሰጥቼዋለሁ። ሸሚዞቹን ማንም ይቀበላቸው፣ ደብዳቤውን ግን በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

እማዬ ካስገባሃት ክሊኒክ ወጥታለች። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለች። አሁን የተኛችው በመንግሥት ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የሴቶች አጥንት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ነው። ማንም አላስወጣትም፤ ያስወጣሃት አንተ ነህ፣ ሳታውቅ።

የመጀመሪያውን የምርጫ ክርክር ክሊኒኩ ውስጥ አብረን ነበር ያየነው፤ እሷ ትራስ ተደግፋ፣ እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ። የደም ግፊቷ ወርዶላት በማግስቱ የተሰበረው ዳሌዋ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነበር። መጀመሪያ ወሬዋ ሁሉ ስለ ኮሌታህ ነበር፤ «ጥሩ አድርገሽ ተኩሰሽለታል» እያለች ታመሰግነኛለች። ከዚያ ተወዳዳሪህን፣ ያን እኔና አንተ ባለመነጽሩ የምንለውን ሰውዬ፣ «አንተ ግብዝ ነህ!» አልከው። «ሕዝቡን የመንግሥት ሆስፒታል ይበቃሃል እያልክ የራስህን ሚስት በግል ክሊኒክ ለስላሳ አንሶላ ላይ ታስተኛለህ። የእኔ ቤተሰብ የሚታከመው ሕዝቡ በሚታከምበት ነው» አልክ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እማዬ የተኛችበትን አንሶላ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው። ለስላሳ ነበር፤ አንሶላ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ።

ጠዋት ሊወስዷት ሲመጡ «አልሄድም፣ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ውሰዱኝ» አለች። እኔ ለመንኳት፣ ሐኪሙ ለመናት። «ልጄ ሰው ፊት የተናገረውን እኔ እዚህ ተኝቼ አላፈርስበትም» ብላ ድርቅ አለች። ድርቅናዋን ታውቀዋለህ፣ አንተም ከሌላ አላመጣኸውም። እዚህ ደግሞ የኦፕራሲዮኑ ተራ ረጅም ነው፤ ከእሷ ቀድመው የሚጠብቁ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ተኝተዋል። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ ያለኝን እንዳለ ልጻፍልህ። በዚህ ዕድሜ ዳሌ ተሰብሮ በጀርባ ብዙ መተኛት ሳንባን ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን እሱ ነው አለኝ። እማዬ ከሰሞኑ ማሳል ጀምራለች። ክሊኒኩ ዛሬም ይቀበላታል፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት።

እኔን የሚያበግነኝ ምን መሰለህ? ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ በመተኮሻው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመን ስንለማመድ፣ እኔ ባለመነጽሩን እሆንልህ ነበር። ደንበኛ ኪሱ ውስጥ ረስቶት የሄደውን መነጽር አድርጌ፣ ያንተኑ ክራቫት አስሬ፣ እሱ ጭንቅ ሲለው እንደሚያደርገው መነጽሬን አውልቄ በክራቫቱ ጫፍ ስጠርግ በሳቅ ትንከተከት ነበር። እማዬን በጓሮ በር ክሊኒክ ባስገባናት ማግስት ግን መነጽሬን ጠርጌ «የአንተስ እናት የት ነው የሚታከሙት?» ብዬ ጠየቅኩህ። ሳቅህ ቀጥ አለ። «ይሄን አያውቅም፣ ዝለይው» አልከኝ። ዘለልኩት። ልትጠይቃት ስትመጣም ኮፍያህን እስከ ቅንድብህ ደፍተህ ነበር፤ እማዬ «ምነው ልጄ፣ ምን ሰርቀህ ነው?» ብላ ቀለደችብህ። ሦስታችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው አያስቅም።

ስለ ጎረቤቷም ልንገርህ። ከእማዬ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ አከርካሪዋን የታመመች ዝምተኛ ሴት ተኝታለች። ወራት አልፏታል፤ ነርሶቹ በቁልምጫ ነው የሚጠሯት። ክሊኒክ የሚባል ነገር የረገጠችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የሆስፒታሉ ማሽን ተበላሽቶ ባሏ ለምርመራ ወስዷት። እማዬ እንደነገረችኝ፣ ባልየው ማታ ማታ ጠያቂ ሁሉ ከወጣ በኋላ ሾርባ በፔርሙስ ይዞ ይመጣል። በሁለት ኩባያ ይቀዳል፤ አንዱ የሚስቱ፣ አንዱ የእማዬ ነው። እማዬ የማን እናት እንደሆነች፣ ከየትኛው ክሊኒክ ወጥታ ለምን እንደመጣች ገና በመጀመሪያው ቀን ዘርዝራ ነግራዋለች። መደበቅ የት ታውቅና! ሰውየው እስክትጨርስ ሰምቷት ትራሷን አስተካክሎላት ወጣ።

ከዚያ ሁለተኛው ክርክር መጣ። ሱቄን በጊዜ ዘግቼ እማዬ ዘንድ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ተከፍቶ በሽተኛው ሁሉ ያይሃል። «እስቲ ለሕዝቡ ንገር፣ ሚስትህ የት ነው የምትታከመው?» ብለህ ጣትህን ቀሰርክበት። ባለመነጽሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፤ አንተን ትንሽ አየህና ስለ ውኃ ቧንቧ ማውራት ጀመረ። ወዲያው እንዳለቀ ደወልክልኝ። «አየሽልኝ እትዬ? አፉን አዘጋሁት!» አልክ። ስለ እማዬ ልነግርህ ስጀምር «ሳሚልኝ፣ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው» ብለህ ዘጋኸው።

አንተ ያላየኸውን እኔ አየሁ። ጣትህን ስትቀስር ጎረቤቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማዬ ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። በኋላ ሴትዮዋ በሹክሹክታ «ስለ እኔ ሕመም አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ያስማልኩት እኔ ነኝ» ስትላት ሰማሁ።

ዘግየት ብሎ ባልየው ከነፔርሙሱ መጣ። ቀና ብዬ ፊቱን ለማየት አፈርኩ። እኔ ግን ከሰው መልክ በፊት ልብሱን የማይ ሴት ነኝ። ኩባያውን ለእማዬ ሊያቀብል ጎንበስ ሲል ክራቫቱ አጠገቤ ተንጠለጠለ። ሌላው ቦታ ደህና ክራቫት ነው፤ ጫፉ ብቻ ከመታሸት ብዛት ተልጦ ክሩ ወጥቷል። «ልጅዎ ጎበዝ ተናጋሪ ነው» አላት፣ ያለ ምንም ሽሙጥ። ዳሌዋ ሲሰበር እንባ ያልወጣት እማዬ አለቀሰች። እኔም ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ።

ወንድሜ፣ ስለ ሆስፒታሉ የተናገርከው ውሸት አይደለም። እዚህ እየዋልኩ አይቼዋለሁ፤ አልጋ የለም፣ ማሽኑ ይበላሻል፣ ነርሶቹ እግራቸው እስኪያብጥ ይሮጣሉ። አንተ ብትመረጥ እንደምትሠራም አምናለሁ። ለዚህም ነው ይበልጥ የተናደድኩብህ። እማዬ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «እዚያው መድረክ ላይ፣ በዚያው አፉ፣ የእኔም እናት ክሊኒክ ነበረች ይበል። ያን ጊዜ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።» ተደብቀህ መጥተህ ብትለምናት አትሰማህም፣ እንዳትሞክር። ይህን ብትናገር ምርጫውን ልታጣ ትችላለህ። ያጨበጨቡልህ ይጮሁብሃል። ምን ያህል እንደለፋህ ስለማውቅ ይህን ስጽፍልህ ሆዴ ይባባል፤ ግን እናት አንድ ናት፣ ሳሏም እየባሰ ነው።

እሑድ የመጨረሻው ክርክር ነው። እማዬ አልጋዋ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲዞርላት ጠይቃ ነርሶቹ አዙረውላታል፤ የጎረቤቷንም አብረው አዞሩት። አንተ ስትናገር ሳሏ ንግግርህን እንዳያቋርጥባት አፏን በትራስ ጫፍ እየያዘች ነው የምታይህ።

ፈጣሪ ጉሮሮህን ያለስልስልህ፤ ልብም ይስጥህ። ለልጆችህ ያኑርህ፤ እናታችንንም ለአንተ ያቆይልህ።

ሁሌም የምትወድህ
እትዬህ

ነጩን ሸሚዝ የተኮስኩት ለእሑድ ነው። አብሮት በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ክራቫት ታገኛለህ። እሱ ያንተ አይደለም፤ ለማን እንደምትሰጠው ታውቃለህ።