ዕድሜ ጠያቂዋ ነርስ፦ የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ሚያዝያ 4 ቀን 1939 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ከሥራ ገብተው፣ መጋዛቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ምሳ እስኪቀርብ ጋደም እንዳሉ በዚያው አረፉ። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ለማስተዛዘን የመጣው ሁሉ "ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው" ሲል፣ እናታችን በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ለቀስተኛ "ቀኑ መድረሱን ማን ያውቅ ነበር?" እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። አንዲት ጎረቤት "ኧረ ይቺን ልጅ ከበሩ ላይ አንሱልኝ፣ ታስፈራለች" አሉ ይባላል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እናታቸው በሚያጥቡት ልብስ ገቢ ተምረው ጨረሱ። በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ነርስ ማሠልጠኛ ገብተው በ1960 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቁ፤ ለአራት ዓመትም በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አገለገሉ።

በ1964 ዓ.ም. የጤና ቢሮው አንድ ጥናት ጀመረ። ከአንድ ሰፈር ዕድሜያቸው ከሠላሳ እስከ ስድሳ የሆኑ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ። እናታችን በየዓመቱ እያንዳንዳቸው ቤት እየሄዱ ክብደት ይመዝናሉ፣ የደም ግፊት ይለካሉ፣ ወገብ በሜትር ይለካሉ፤ ከዚያም አርባ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ? ምን ያህል ይጠጣሉ? ጨው ያበዛሉ? በእግር ይሄዳሉ? እንቅልፍስ? ማዕድ የሚቆርሱት ከማን ጋር ነው? መልሱ በሰንጠረዥ ተሰልቶ በቅጹ መጨረሻ አንድ ቁጥር ይጻፋል፦ ሰውየው እስከ ስንት ዓመቱ ይኖራል ተብሎ እንደሚገመት። ሰው አኗኗሩን ሲለውጥ ቁጥሩም ስለሚለወጥ የሚጻፈው በእርሳስ ነበር። ቁጥሩን ለባለቤቱ መንገር ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ሰፈሩ "እትዬ እርሳስ" የሚል ስም ያወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። ማጨስ እንዲያቆሙ ለምነው ያስቆሟቸው፣ መጠጥ ያስተዉአቸው፣ በየማለዳው ከአልጋ አስነሥተው ያስኬዷቸው ሰዎች ዛሬ ልጆቻቸው በመካከላችሁ አሉ። የሚሸሿቸውም አልጠፉም። ጉልበቴን ያመኛል እያሉ ከወንበር የማይነሡ ዳቦ ጋጋሪ፣ እናታችን ሲመጡ አይተው በጓሮ በር በሩጫ ሲያመልጡ ተያዙ። እናታችንም ሳይስቁ ቅጹ ላይ "ሩጫ፦ ይችላሉ" ብለው ጻፉ።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ከአባታችን ጋር ተዋወቁ። አባታችን የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበሩ፤ በጥናቱ መዝገብ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ሰው። በቀን ሁለት ፓኬት ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ምሳቸውን ቆመው የሚበሉ፣ ሣቂና ተጫዋች ሰው። በ1966 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1968 እኔን፣ በ1971 ወንድሜን ወለዱ። ቤታችን ውስጥ ጨው የሚቀመጠው ከሰው ዓይን ተሠውሮ ነበር። አባታችን ሲጋራ ያቆሙት በልመና፣ በኩርፊያና አንድ ጊዜም በእንባ ነው። ዝናብም ቢሆን ከሥራ የሚመለሱት በእግራቸው ሆነ፤ እናታችን ጋራዡ በር ድረስ ሄደው ይጠብቋቸው ነበርና። ሰው "ምን ዓይነት ፍቅር ነው!" ይል ነበር። ፍቅርም ነው፤ ግን እናታችን አባታችንን ሲያዩ አንዳንዴ ዓይናቸው ላይ የሚወርደውን ነገር እኛ ልጆቹ እናውቀዋለን። ከጣቢያው ሊነሣ ያለ ባቡር መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር የሚመስሉት።

አባታችን አርባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ቀን ምሳ ላይ እናታችን ነገሩን አወጡት። በጥናቱ የመጀመሪያ ዓመት ሲሰላ የአባታችን ቁጥር አርባ ሰባት ነበር። አባታችን ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እያወቅሽ ነው ያገባሽኝ?"

"አዎ።"

"ምን ብለሽ?"

"በእርሳስ ነዋ የጻፍኩት" አሉ እናታችን።

አባታችን እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።  በአራተኛው ቀን ግን ጫማቸውን እያሰሩ "አሁንስ ስንት ደርሷል?" ብለው ጠየቁ። "ዝም ብለህ ተራመድ" ተባሉ። እስከ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ተራመዱ፤ በ2006 ዓ.ም. አረፉ።

በሥራቸው ግን እናታችንን የሚያስጨንቅ ነገር እያደገ መጥቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩን ከማስላታቸው በፊት፣ ገና በሩ እንደተከፈተ ሰውየውን አይተው የራሳቸውን ግምት በቅጹ ጠርዝ ላይ ይጽፉ ጀመር። የጥናቱ ኃላፊ ሐኪም ነገሩን እንደ ቀልድ ያዙት። በ1978 ዓ.ም. ግን የሞቱትን ሰዎች ቅጽ አውጥተው ሰንጠረዡ የገመተውንና እናታችን የገመቱትን ጎን ለጎን አስተያዩ። ሰንጠረዡ በብዙ ዓመት የሳተበት ቦታ እናታችን በወራት ብቻ ነበር የሳቱት። ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፈው ወደ መሳቢያው መለሱ። እስከ ጡረታቸው ድረስም እናታችን ወደ ቢሮአቸው ሲገቡ ሐኪሙ ቀና ብለው አያዩም ነበር፤ እንዳይታዩ።

ጥናቱ በ1990 ዓ.ም. ተዘጋ። ቅጾቹ በካርቶን ታሽገው ተወሰዱ። እናታችን ግን በ1994 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም በሕይወት የነበሩትን እየዞሩ መጠየቃቸውን አልተዉም። መለኪያቸውን በገዛ ቦርሳቸው ይዘው፣ ሲሰነባበቱ "የዛሬ ዓመት በዚሁ ሳምንት እመጣለሁ" ብለው ቀን ይቆርጣሉ። በ1997 ዓ.ም. የማስታወሻ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ አንድ ነገር አዩ። ጥናቱ ከተዘጋ ወዲህ ሠላሳ አንድ ሰዎች ሞተዋል። በመኪና አደጋ ከሞቱት ከሁለቱ በቀር ሁሉም የሞቱት እናታችን ጠይቀዋቸው በተመለሱ በአሥር ቀን ውስጥ ነው። ከቀጠሮው ቀን በፊት በሕመም የሞተ አንድም የለም።

"ይጠብቁኛል" አሉ እናታችን ለአባታችን። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ቀጠሮውን ማራቅ ጀመሩ። ለአንዱ ዓመት ከመንፈቅ፣ ለሌላው ሁለት ዓመት ሰጡ፤ ሰዎቹም ቆዩ። አንዳንዶቹ በደስታ ቆዩ፤ የልጅ ልጅ ዳሩ፣ ቤት አደሱ። ሁሉም ግን እንደዚያ አልነበሩም።

ከነዚህ አንዷ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አንዱ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ አሥራ አራት ወር አልፏቸዋል። ልጃቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች፤ ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች።

"እባክዎ ይምጡላት" አለች። "ጠዋት ጠዋት 'ዛሬ ናት የምትመጣው?' ትለኛለች። ገላዋ ቆስሏል። ውኃ እንኳ አይወርድላትም። እርስዎ ካልመጡ አትሄድም።"

እናታችን ብዙ ካመነቱ በኋላ ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ፊታቸው በራ። "ምነው ዘገየሽ?" ብቻ አሉ። እናታችን እንደ ወትሮው ግፊታቸውን ለኩ፤ አርባውንም ጥያቄ አንድ ሳያስቀሩ ጠየቁ፤ ልብስ ሰፊዋም አንድ በአንድ መለሱ። የመጨረሻው መልስ ከተጻፈ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትንሽ ቆዩ። እናታችን ገና መንገድ ላይ ሳሉ የልቅሶው ድምፅ ተሰማቸው። ያን ቀን ቤት ገብተው እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ። "ገደልኳት ወይስ አሳረፍኳት?" ብለው ጠየቁን።  ከዚያ ወዲህ ግን ቀጠሮ አራዝመው አያውቁም። በየዓመቱ፣ በቀኑ፣ ሰዓቱን ሳያሳልፉ ሄዱ።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸውና ከቤት መውጣት አቃታቸው። ግፊታቸውን ልትለካ የምትመጣውን ወጣት ነርስ "ለኪኝ ልጄ፤ ቁጥሩን ግን እንዳትነግሪኝ" ይሏት ነበር። ካንገታቸው በላይ ይሥቃሉ እንጂ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሦስት ሰዎች ቀርተዋል፤ የዚያን ዓመት ቀጠሯቸው አልፏል። "እነዚያን ሰዎች ምን ላድርጋቸው?" እያሉ ሲብሰለሰሉ ቆይተው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው በተኙበት አረፉ።

እናታችን የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ታላቅ እህታቸው በሕይወት አሉ።

ትናንት ለቅሶ ቤት ሦስቱም መጡ። ከመካከላቸው የቀድሞው ፖስተኛ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት፣ ምርኩዛቸውን ለሰው ሰጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ከእንግዲህ ማነው የሚመጣው፣ ልጄ?"

ለማጽናናት ያህል "እኔ እመጣለሁ፣ አባባ" አልኳቸው።

"መቼ?"

አንድ ቀን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። እጄን አልለቀቁም። ሦስቱም ቆመው አፍ አፌን ያዩ ነበር፤ ያ አስተያየታቸው ልመና ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁም። ዛሬም እዚሁ በመካከላችን ቆመዋል። ቀኑን ገና አልነገርኳቸውም።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በቸርነቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን። በየደጁ የተመላለሰ እግራቸውን ከድካሙ ይገላግልልን፤ ለቀረነውም እሱ ብቻ የሚያውቀውን ዕድሜ በጤና ይስጠን።